ለራስ የሚጻፍ ድርሰት፦ ኦቲዝም ያላቸው ወጣቶችና የፈጠራ ጽሑፍ ዝንባሌ

ሊዮ ካነር የተባለው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም በ1943 ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀውን ጥናቱን ካወጣ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ብዙም የማይጠቀስ ሌላ አጭር ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ፖል ተብሎ የተጠራ አንድ ሕፃን ይገኛል። ፖል ብረት ድስት ወይም ብረት ድስት የሚመስል ነገር ባየ ቁጥር ከአንድ የልጆች መዝሙር የተቀነጨቡ ሁለት ቃላትን ያሰማል። ቃላቱ ከድስት ጋር አንዳች ዝምድና የላቸውም፤ ስለዚህም ልጁን የማያውቅ ሰው «ያለ ቦታው የገባ ንግግር» ብሎ ያልፋቸዋል። ምንጩ የታወቀው ከእናቱ ነው። ፖል የሁለት ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ ወጥ ቤት ውስጥ እየሠራች ያንኑ መዝሙር ስትልለት ድስቱ ከእጇ አምልጦ ወደቀ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የመዝሙሩ ቃላት ለልጁ የድስት መጠሪያ ሆነው ቀሩ።

ካነር ከዚህና ከመሰል ምሳሌዎች የደረሰበት ሐሳብ ለጊዜው ደፋር ነበር። እንዲህ ያለው ንግግር ትርጉም አልባ ሳይሆን ተለዋጭ ዘይቤ ነው ብሏል። አንዱን ነገር በሌላው ስም መጥራት ገጣሚውም፣ ተራው ተናጋሪም ዘወትር የሚያደርጉት ነው። ልዩነቱ ገጣሚው ሁለቱን ነገሮች ያገናኘበትን ድልድይ ለአድማጩ ሲያሳይ፣ ሕፃኑ ድልድዩን በራሱ ትዝታ ውስጥ ብቻ ማስቀመጡ ነው። ስለዚህ የጎደለው ፈጠራ አይደለም፤ የጎደለው አድማጩ የፈጠራውን መነሻ የሚያውቅበት መንገድ ነው።

ይህ ምልከታ በኋላ በመጡት ጥናቶች ጥላ ሥር ወድቆ ረጅም ጊዜ ቆይቷል። ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው ሐተታ፣ ኦቲዝም ያላቸው ወጣቶች ምናባቸው ደካማ ነው የሚለው አስተሳሰብ በምን ላይ እንደተመሠረተና የት ላይ እንደሚሰነጠቅ፣ የፈጠራ ጽሑፍም ለእነዚህ ወጣቶች እንደ ሕክምና ሳይሆን እንደ ትርፍ ጊዜ ዝንባሌ ሲታይ ምን እንደሚመስል፣ በተለይም በአማርኛ ለሚጽፍ ወጣት ጉዳዩ ምን የተለየ መልክ እንደሚይዝ ይመረምራል። በቃላት አጠቃቀም ረገድ «ኦቲዝም ያለበት» ከሚለው የተለመደ አነጋገር ይልቅ «ኦቲዝም ያለው» የሚለው ተመርጧል። የመጀመሪያው አነጋገር ዕዳ ወይም በሽታ ለተጫነበት ሰው የሚነገር ስለሆነ፣ ሊመረመር የሚገባውን ጥያቄ ገና ከጅምሩ ይወስነዋል።

«ምናብ የላቸውም» የሚለው ሐሳብ

በ1979 ሎርና ዊንግና ጁዲት ጉልድ በለንደን ባካሄዱት ጥናት የማኅበራዊ ግንኙነት፣ የተግባቦትና የምናብ እክሎች በአንድ ልጅ ላይ አብረው የመታየት ዝንባሌ እንዳላቸው አመለከቱ። ከዚያ ወዲህ የምናብ እክል ከኦቲዝም መለያዎች አንዱ ሆኖ በመማሪያ መጻሕፍት ገባ። በ1985 ደግሞ ሳይመን ባረን-ኮኸን፣ አለን ሌስሊና ኡታ ፍሪዝ ያካሄዱት ሙከራ ለዚህ አመለካከት ጠንካራ መሠረት የሰጠው መሰለ። በሙከራው አንዲት አሻንጉሊት ብይዋን ቅርጫት ውስጥ አስቀምጣ ትወጣለች፤ ሌላዋ አሻንጉሊት ብይውን ወደ ሣጥን ታዛውረዋለች። የመጀመሪያዋ ስትመለስ ብይዋን የት ትፈልጋለች? ኦቲዝም ካላቸው 20 ልጆች መካከል 16ቱ ብይው አሁን ያለበትን ቦታ አመለከቱ። የአሻንጉሊቷን የተሳሳተ እምነት ከራሳቸው ዕውቀት ለይተው አላዩትም ማለት ነው። የሌላውን ሐሳብ መገመት ያልቻለ ሰው ገጸ ባሕርይ መፍጠር እንዴት ይችላል የሚለው ጥያቄ ከዚህ በኋላ ተፈጥሯዊ መስሎ ታየ። ከ20 ውስጥ አራቱ በትክክል መመለሳቸውን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

በ1999 ጄይም ክሬግና ባረን-ኮኸን በልጆች ላይ ባደረጉት የፈጠራ ፈተና፣ ኦቲዝም ያላቸው ልጆች ከእኩዮቻቸው ያነሰ ቁጥር ያላቸውን ሐሳቦች አፍልቀዋል፤ ያፈለቋቸውም ቢሆኑ ከምናባዊው ይልቅ ወደ እውነታው ያዘነበሉ ነበሩ። እዚህ ላይ ፈተናው ምን እንደሚለካ ማጤን ያስፈልጋል። በተወሰነ ጊዜ ውስጥ፣ በማያውቁት ሰው ፊት፣ ሌላ ሰው በመረጠው ነገር ላይ የሐሳብን ብዛት ይቆጥራል። ደራሲ ግን እንዲህ አይሠራም። የሐሳቦቹን ብዛት ትተው ብርቅነታቸውን የተመለከቱ ተመራማሪዎች የተለየ ውጤት አግኝተዋል። በ2015 ካትሪን ቤስትና የሥራ ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት፣ የኦቲዝም ጠባያት የሚበዙባቸው ሰዎች ያቀረቧቸው መልሶች በቁጥር ያነሱ ሆነው፣ ሌሎች ሰዎች ያላሰቧቸው የመሆን ዕድላቸው ግን ከፍ ያለ ነበር።

ከሁሉም በላይ ለድርሰት የሚቀርበው አናት ካሲረርና ኒራ ማሻል በ2014 በእስራኤል ያሳተሙት ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ከኦቲዝም ጋር የሚኖሩ 17 ጎልማሶችን ከሌሎች 17 ጋር አነጻጽረው፣ ስሜቶችንና ሁኔታዎችን በተለዋጭ ዘይቤ እንዲገልጹ ጠየቋቸው። ኦቲዝም ያላቸው ተሳታፊዎች ያፈለቋቸው አዳዲስና ያልተለመዱ ዘይቤዎች ከሌሎቹ በለጡ። የተሳታፊዎቹ ቁጥር አነስተኛ መሆኑ ባይዘነጋም፣ የውጤቱ አቅጣጫ ካነር በ1946 ካየው ጋር መግጠሙ አጋጣሚ አይመስልም። ሐንስ አስፐርገርም በ1944 በጻፈው ጥናት፣ ሲያክማቸው የነበሩት ልጆች ራሳቸው የሚፈጥሯቸውን ቃላት አድንቆ መዝግቧል። አንደኛው ልጅ የመሰላልንና የደረጃን ልዩነት ሲጠየቅ፣ መሰላሉ እንደ ሹል ነገር፣ ደረጃው ደግሞ እንደ እባብ እየተጥመለመለ እንደሚወጣ ገልጾ ነበር። (የአስፐርገር ስም ዛሬ ያለ ማስታወሻ አይጠቀስም። በ2018 የታተሙ የታሪክ ሰነዶች፣ ሕፃናት ይገደሉበት ወደነበረው የቪየና ተቋም ልጆችን ይልክ እንደነበር አሳይተዋል። የልጆቹ ንግግር ግን የልጆቹ ነው።)

የክረምት ዕረፍት ድርሰት

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የተማረ ሁሉ መስከረም ላይ የሚታዘዘውን ድርሰት ያስታውሳል፤ ርዕሱ «የክረምት ዕረፍቴን እንዴት አሳለፍኩ?» የሚል ነው። መምህራን ይህን ርዕስ የሚመርጡት ቀላል ነው ብለው በማሰብ ነው። ተማሪው ምንም መፍጠር አይጠበቅበትም፤ የኖረውን ብቻ ይጻፍ ይባላል። ኦቲዝም ላለው ተማሪ ግን ከድርሰቶች ሁሉ ከባዱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ሞሊ ሎሽና ሊሳ ካፕስ በ2003 ባሳተሙት ጥናት ኦቲዝም ያላቸውና የቋንቋ ችሎታቸው ደኅና የሆነ ልጆች ሁለት ዓይነት ትረካ እንዲያቀርቡ አድርገዋል። አንደኛው ከሥዕል መጽሐፍ የሚነገር ታሪክ፣ ሁለተኛው በራሳቸው ሕይወት ያጋጠመ ነገር ነው። ልጆቹ የመጀመሪያውን ከእኩዮቻቸው ብዙም ሳያንሱ ተርከዋል። የተቸገሩት በሁለተኛው ነው። ምክንያቱን መረዳት አይከብድም። የሥዕል መጽሐፉ መነሻና መድረሻ፣ የክስተቶች ተራና የገጸ ባሕርያት ማንነት አስቀድሞ ተሰጥቶታል። የክረምት ወራት ግን ማለቂያ የሌለው የዝርዝር ክምር ነው። ከዚያ ውስጥ አድማጭን የሚስበውን መርጦ፣ ሌላውን ጥሎ፣ «ይህ ነገር ለእኔ ይህን ያህል ትርጉም ነበረው» ብሎ ማዋቀር ይጠይቃል።

በዚህ ላይ ሌላ ችግር ይደረባል። አሌክሲታይሚያ የሚባለው፣ የራስን ስሜት ለይቶ የማወቅና በቃል የመግለጽ ችግር ኦቲዝም ባላቸው ሰዎች ዘንድ በብዛት ይታያል። በ2019 የቀደሙ ጥናቶችን አሰባስቦ የተነተነ አንድ ሥራ፣ ኦቲዝም ካላቸው ተሳታፊዎች ግማሽ ያህሉ ይህ ችግር እንዳለባቸው፣ በሌሎቹ ዘንድ ግን መጠኑ ከመቶ አምስት እንደማይሞላ አመልክቷል። እንግዲህ «ምን ተሰማህ?» ብሎ የሚጠይቅ አስተማሪ ብዙ ጊዜ ባዶ ወረቀት ቢቀበል፣ ወረቀቱ የስሜት አለመኖር ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ከዚህ የሚከተለው ከተለመደው አስተሳሰብ ጋር ይጋጫል። ልብ ወለድ ከግለ ታሪክ ይልቅ የሚቀርብ የጽሑፍ በር ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በሌላ ፕላኔት ላይ የሚኖር ሮቦት ወይም በጎንደር ቤተ መንግሥት ያገለገለ ፈረስ፣ ለወጣቱ የራሱን ጭንቀት ስሙን ሳይጠራ የሚያስቀምጥበት ዕቃ ይሆንለታል። ፈረሱ ደወል ሲሰማ ለምን እንደሚበረግግ የሚጽፍ ወጣት፣ ድምፅ በእርሱ ላይ የሚያደርሰውን ነገር በደንብ የሚያውቅ ሊሆን ይችላል። አስተማሪ «ይህ ፈረስ አንተ ነህ አይደል?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ ግን በሩ ሊዘጋ ይችላል።

ዝንባሌ ወይስ ምልክት?

የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ የሚለው ቃል ኦቲዝም ላለው ሰው ሲነገር ወዲያው ትርጉሙ ይዛነፋል። አንድ ወጣት ቅዳሜና እሑድን ሙሉ ቴምብር ሲሰበስብ ቢውል ዝንባሌ አለው ይባላል። ኦቲዝም እንዳለው ከታወቀ ግን ያው ተግባር በምርመራ መመሪያው ውስጥ «የተገደበና ከመጠን በላይ ያተኮረ ፍላጎት» ወደሚለው ረድፍ ይገባል። አንዱ ተግባር በአንደኛው ሰው ላይ ጠባይ፣ በሌላው ላይ ምልክት ይሆናል። ከአቅራቢዎቹ መካከል ራሳቸው ኦቲዝም ያላቸው ሰዎች ያሉበት ሞኖትሮፒዝም የተሰኘው ንድፈ ሐሳብ (ዳይና መሪይ፣ ማይክ ሌሰርና ዌን ሎውሰን በ2005 ያብራሩት) ነገሩን ከሌላ ወገን ያየዋል። ትኩረት ውስን ሀብት ነው፤ አንዳንድ ሰው ለብዙ ጉዳዮች ያከፋፍለዋል፣ ሌላው ሁሉንም ለአንድ ጉዳይ ያውላል። በዚህ አተያይ ጥልቅ ፍላጎት መቆረጥ ያለበት ትርፍ ቅርንጫፍ አይደለም፤ ሰውየው ዓለምን የሚያይበት መስኮት ነው።

ለድርሰት ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። የአዲስ አበባ አንበሳ አውቶብስን የመስመር ቁጥሮች በቃሉ የሚያውቅ አንድ ወጣት እናስብ። ቀላል ባቡሩ በ2015 ሥራ ሲጀምር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚዘረጉትን ሁለት መስመሮች ከነፌርማታዎቻቸው አጥንቷል። በተለመደው አሠራር አስተማሪው «ስለ አውቶብስ ማውራት ይብቃህና ስለ ፍቅር ጻፍ» ይለዋል። ይህ ወጣት ግን ያልተዘረጋ መስመር መፈልሰፍ ይችላል፤ ለመስመሩ ቁጥር፣ ለቁጥሩ ታሪክ፣ ለታሪኩም ሾፌር ይሰጠዋል። ሾፌሩ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ የሚጠብቀው ሰው ካለ የፍቅር ታሪኩ በራሱ መንገድ መጥቷል ማለት ነው። የምናብ ዓለምን ከነካርታው፣ ከነዘመን አቆጣጠሩና ከነሕጉ መገንባት በሳይንሳዊ ልብ ወለድና በምትሐታዊ ትረካ ዘንድ የተከበረ ሙያ ነው። ሥርዓት የሚወድ አእምሮ እዚያ እንግዳ አይደለም።

ስለ ኦቲዝምና ታሪክ ሲነሣ በትምህርት ባለሙያዎች ዘንድ ቀድሞ የሚታወሰው፣ ካሮል ግሬይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ያስተዋወቀችው «ማኅበራዊ ታሪክ» የተሰኘ ዘዴ ነው። አዋቂዎች ለልጁ አጭር ታሪክ ይጽፉለታል፤ ታሪኩም ለምሳሌ ሐኪም ቤት ሲኬድ ምን እንደሚጠበቅ ያስረዳዋል። ዘዴው ጠቃሚ ነው፤ ብዙ ወላጆችም ይጠቀሙበታል። ነገር ግን ልጁ በዚህ ሁሉ ተነጋሪ እንጂ ተናጋሪ አይደለም። ታሪክ ሁልጊዜ ከሌላ ሰው ወደ እርሱ ይመጣል፤ ሁልጊዜም ባሕርይውን ለማረም ይመጣል። የፈጠራ ጽሑፍ እንደ ዝንባሌ ሲያዝ የመጀመሪያው ለውጥ ይህ አቅጣጫ መገልበጡ ነው። ድርሰቱ የማኅበራዊ ክህሎት ማሠልጠኛ፣ የቋንቋ ሕክምና ወይም የባሕርይ መለኪያ ከሆነ ወጣቱ ወዲያው ያውቀዋል፤ ሕይወቱን በሙሉ ሲሠለጥን የኖረ ነውና።

ሰምና ወርቅ

አማርኛ የቅኔ ቋንቋ ነው ይባላል። የመልካም ጽሑፍ መመዘኛውም፣ ቢያንስ በግጥም ረገድ፣ ከላይ የሚሰማው ሰም ከሥሩ ወርቅ መያዙ ነው። ይህ ሚዛን ኦቲዝም ላለው ወጣት በሩን አስቀድሞ የሚዘጋበት ይመስላል፤ ቃልን በቀጥታ ትርጉሙ ይወስዳል ተብሎ የሚታወቅ ሰው ድርብ ትርጉም ባለው ባህል ውስጥ ምን ቦታ አለው? ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

ፍራንቼስካ ሃፔ በ1993 ባወጣችው ጥናት ተነጻጻሪ ዘይቤን፣ ተለዋጭ ዘይቤንና ምፀትን ለየብቻ ፈትሻለች። የሌላውን ሐሳብ የመገመት ችሎታ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለምፀት፣ ቀጥሎ ለተለዋጭ ዘይቤ ሲሆን፣ «እንደ» የሚለው ቃል ያለበትን ንጽጽር ለመረዳት ግን ያን ያህል አያስፈልግም የሚል ነበር ውጤቷ። በ2005 ኮርትኒ ኖርበሪ ይህን በድጋሚ መርምራ፣ ተለዋጭ ዘይቤን ለመረዳት ይበልጥ ወሳኙ የቃላት ዕውቀት ስፋት መሆኑን አሳየች። ከዚህ አንጻር «ድርብ ትርጉም» የሚባለው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን መለየት ግድ ይላል። በሽሙጥ የተነገረን ንግግር ለመረዳት የተናጋሪውን ልብ ማንበብ ያስፈልጋል። ኅብረ ቃልን ለመፍታት የሚያስፈልገው ግን ቃሉን ማንበብ ነው።

የአማርኛ ጽሕፈት ጥብቀትንና ላልቶ መነበብን አይለይም። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ ጊዜው አለመድረሱ ነው። «አለ» ሲጠብቅ መኖርን፣ ሲላላ መናገርን ያመለክታል። «ይበላል» ሲላላ የሚበላውን አካል፣ ሲጠብቅ የሚበላውን ምግብ ያሳያል፤ ይህ ዓረፍተ ነገር ራሱ «የሚበላውን» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ በሁለት ንባብ መጠቀሙን ልብ ይሏል። ቅኔ ዘራፊው ቃል ሰንጥቆና አጥብቆ ወርቁን የሚያወጣው ከእንዲህ ያለው ክፍተት ነው። ሥራው በብዙ መልኩ የምሥጢር ቁልፍ መፈለግ ነው፤ ትዕግሥት፣ የቃላት ስብስብና ለድምፅ የነቃ ጆሮ ይፈልጋል። እነዚህን ቃላት በደብተር ላይ ተራ በተራ እየመዘገበ፣ የትኞቹ በጥብቀት፣ የትኞቹ በመሰንጠቅ፣ የትኞቹ በሁለቱም እንደሚፈቱ የሚመድብ ወጣት የቅኔውን ግማሽ መንገድ ተጉዟል። በአማርኛ ኅብረ ቃልን ከምፀት ለይቶ፣ ኦቲዝም ባላቸው ወጣቶች ዘንድ የሚመረምር ጥናት ለሥነ ልሳንም ለሥነ ልቡናም ተማሪ የሚሆን ርዕስ ነው።

ቅርጽም ሌላ መጠለያ ነው። በነፃነት ጻፍ የሚል ትእዛዝ ለብዙዎች ሰፊ ሜዳ ሲሆን፣ የት እንደሚጀመር ለማያውቅ ሰው ግን ጭንቅ ነው። የአማርኛ ግጥም በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው። የወል ቤት እያንዳንዱ ስንኝ በስድስትና በስድስት ቀለም ተከፍሎ ቤት ይመታል። የግዕዝ ቅኔ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ልክ የተሰጠው ነው፤ ተማሪውም ከአጭሩ ጀምሮ ወደ ረጅሙ ያድጋል። ቀለም መቁጠር፣ ቤት መምታቱን ማረጋገጥ፣ የተበላሸውን ስንኝ ለይቶ ማስተካከል የሚቻል ሥራ ነው፤ ትክክልና ስሕተቱም ሌላ ሰው ፊቱን በማየት ሳይሆን በራሱ ቆጥሮ የሚያውቀው ነው።

እጅና ፊደል

የፈጠራ ችሎታ ከመመዘኑ በፊት የሚያደናቅፍ ተራ ነገር አለ፤ እርሱም የእጅ ጽሕፈት ነው። በ2009 ክሪስቲና ፉዌንቴስና ባልደረቦቿ ኦቲዝም ያላቸውን 14 ልጆች ከሌሎች 14 ጋር ሲያነጻጽሩ፣ የፊደል መጠን፣ የአሰላለፍም ሆነ የርቀት ልዩነት አላገኙም፤ ችግሩ የፊደሉን ቅርጽ በትክክል ማውጣቱ ላይ ነበር። ጥናቱ የተካሄደው በላቲን ፊደል ነው። በአማርኛ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሆሄያት ሲባዙ 231 ቅርጾች ይሆናሉ፤ አንዱ ሆሄ ከሌላው የሚለየውም ብዙ ጊዜ በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ወይም በእግር መርዘም ነው። እጁ የማይታዘዝለት ልጅ እዚህ ላይ የሚከፍለው ዋጋ መጠኑን መገመት አያዳግትም። ሐሳቡ ገና «ሹ»ን እየሣለ ሳለ ያመልጠዋል። በስልክም ሆነ በኮምፒውተር እንዲጽፍ መፍቀድ ማዳላት ሳይሆን፣ ድርሰቱን ከጽሕፈቱ ለይቶ ማየት ነው።

በሌላ በኩል ፊደሉ ረዳትም ነው። የኒያ ፋውንዴሽን መሥራችና በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ኦቲዝም ላለው ልጃቸውና ለማዕከሉ ልጆች «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተሰኘ፣ በግዕዝ ፊደል ድምፆች ላይ የተመሠረተ የንግግርና የንባብ ማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጅተው ነበር። ወይዘሮ ዘሚ በ2021 ቢያርፉም፣ የፊደል ገበታው ሥርዓት፣ ማለትም እያንዳንዱ ረድፍ በተመሳሳይ ተራ ድምፁን የሚለውጥበት አደረጃጀት፣ ኦቲዝም ላለው ልጅ መግቢያ ሊሆን እንደሚችል ያሳዩበት መንገድ በዚህ ዘርፍ ለሚሠራ ሁሉ መነሻ ነው። ከንግግርና ከንባብ ወደ ድርሰት ያለው ርቀት ግን ገና አልተኬደበትም።

የእጅ ችግር ሲነሣ ስለ አንድ አደገኛ መንገድም መናገር ያስፈልጋል። በ1990ዎቹ በአሜሪካ የተስፋፋው «የተደገፈ ተግባቦት» የተባለ ዘዴ፣ ንግግር የሌለውን ሰው እጅ ረዳቱ ይዞለት በፊደል ሰሌዳ ላይ እንዲጽፍ ያደርግ ነበር። ግጥሞችና ግለ ታሪኮች ሳይቀሩ በዚህ መንገድ ወጡ፤ የወላጆቹም ደስታ ታላቅ ነበር። ረዳቱና ባለጉዳዩ የተለያየ ሥዕል እንዲያዩ የተደረጉባቸው ሙከራዎች ግን የሚጻፈው ረዳቱ ያየው መሆኑን ደጋግመው አሳዩ። አብዛኞቹ ረዳቶች አታላይ አልነበሩም፤ እጃቸው ሳያውቁት ይመራ ነበር። የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ባለሙያዎች ማኅበር በ2018 ዘዴውን እንደገና ተቃውሟል። የዚህ ታሪክ ትምህርት እጅ ለሚይዙ ረዳቶች ብቻ አይደለም። የወጣቱን ድርሰት «ለማሳመር» ቃሉን እየለወጠ፣ መደምደሚያውን እያስተካከለ፣ ግብረ ገብ እየጨመረ የሚሄድ ወላጅ ወይም አስተማሪም በመጠኑ ያንኑ ያደርጋል። ዐውደ ርእይ ላይ የሚነበበው ጽሑፍ ውብ ሆኖ፣ የማን እንደሆነ ግን አጠያያቂ ይሆናል።

ማን ያነበዋል?

ጉዳዩ ወደ አንባቢ ሲደርስ የማኅበረሰቡ አመለካከት ይገባበታል። በ2016 በታተመ አንድ ጥናት፣ የአእምሮ ዕድገት እክል ያለባቸውን ልጆች ይዘው ወደ ሁለት የአዲስ አበባ ክሊኒኮች የመጡ 102 ተንከባካቢዎች ተጠይቀው፣ ብዙዎቹ መገለልና ኀፍረት እንደሚሰማቸው ገልጸዋል፤ ለልጆቹም ሁኔታ የሰጡት ምክንያት የሕክምናና የመንፈስ ጉዳይን ያጣመረ ነበር። ልጁን ከጎረቤት ለመሸሸግ የተገደደ ቤተሰብ የልጁን ድርሰት በአደባባይ ያስነብባል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ የጽሑፍ ክበብ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚያስፈልገው መድረክ ሳይሆን፣ በር የሚዘጋበት ትንሽ ክፍልና ጥቂት የታመኑ አንባቢዎች ናቸው።

እነዚያ አንባቢዎች እነማን ይሁኑ የሚለውን በተመለከተ ሁለት ነጥቦች ይረዳሉ። ዴሚያን ሚልተን በ2012 «ድርብ የመረዳዳት ችግር» ብሎ የሰየመው ሐሳብ፣ አለመግባባቱ የሁለት ወገን ነው ይላል። ኦቲዝም ያለው ሰው ሌላውን ለመረዳት እንደሚቸገር ሁሉ፣ ሌላውም እርሱን ለመረዳት ይቸገራል፤ ጉድለት ተብሎ የተመዘገበው ግን የአንዱ ብቻ ነው። በ2020 ካትሪን ክሮምተንና ባልደረቦቿ ይህን በሙከራ ፈትሸውታል። ስምንት ስምንት ሰዎች በሰንሰለት ተሰልፈው አንድ ታሪክ ከአፍ ወደ አፍ ሲያስተላልፉ፣ ሁሉም ኦቲዝም ያላቸው የሆኑበት ሰንሰለት ኦቲዝም የሌላቸውን ያህል ዝርዝሩን ጠብቆ አድርሷል፤ ታሪኩ ይበልጥ የተሸራረፈው ሁለቱ በተቀላቀሉበት ሰንሰለት ነው። በ2025 በወጣው ሰፋ ያለ ተከታይ ጥናት የድብልቁ ድክመት አልተደገመም፤ ኦቲዝም ያላቸው ሰዎች እርስ በርስ ታሪክን በሚገባ ያስተላልፋሉ የሚለው ግን እንደ ጸና ነው። እንግዲህ የወጣቱ የመጀመሪያ አንባቢ የግድ አስተማሪው ወይም ሐኪሙ መሆን የለበትም፤ ከጎኑ የተቀመጠው፣ ስለ ባቡር ወይም ስለ ባሕረ ሐሳብ የሚጽፈው ሌላው ወጣት ሊሆን ይችላል።

አንባቢ የማይፈልጉም አሉ። ለዓመታት አንድ የምናብ አገር እየገነባ፣ ነገሥታቱን እየሾመና እየሻረ፣ ለማንም ሳያሳይ በደብተር ላይ ደብተር የሚደርብ ወጣት፣ የማኅበራዊ ግንኙነት ግብ ለሚያስቆጥር መርሐ ግብር የከሸፈ ጉዳይ ነው። ለዝንባሌ ግን አይደለም። አትክልት የሚኮተኩት ሰው አበባውን በዐውደ ርእይ እንዲያቀርብ አይገደድም። እዚህ ላይ የወላጅ ወይም የክበቡ አስተባባሪ ድርሻ ከማበረታታት ይልቅ መጠበቅ ነው። ደብተሮቹ ቤት ሲጸዳ እንዳይጣሉ፣ ስልኩ ሲቀየር ጽሑፉ እንዳይጠፋ፣ ያለ ፈቃዱም በቤተሰብ ግብዣ ላይ ለእንግዳ እንዳይነበቡ ማድረግ ነው። ካነር ያገኘው ፖል የሁለቱን ቃላት ትርጉም ለማንም አላብራራም፤ የድስቱን መውደቅ ያስታወሰችለት እናቱ ነበረች።